ጀርባውን ገልብጠው

አርባውን የተሻገረ ሰው ላይ ተራ በተራ የሚወርዱ ደዌዎች አሉ። መጀመሪያ ጋዜጣውን ከዓይኑ እያራቀ ማንበብ ይጀምራል። ቀጥሎ ከወንበር በተነሳ ቁጥር «እህህ» ይላል። ሦስተኛው ግን ጠበልም ሐኪምም የማይችለው ነው፤ «የዛሬ ዘፈን ደግሞ ዘፈን ነው?» የምትለዋ አነጋገር ሳያስበው ከአፉ ታመልጣለች። እኛ ደብረ ማርቆሶች ዘንድ ይህ ደዌ በክረምት ይጠናል። ከጮቄ የሚወርደው ብርድ ሰውን ጋቢ አስደርቦ ቤት ያስቀምጠዋል፤ ቤት የተቀመጠ ሰው ልጆቹ የሚሰሙትን ሳይወድ በግዱ ይሰማል፤ ከሰማ ይረግማል።

በዘርም ይተላለፋል። አባቴ ዘፈን የሚለው አንድ አዝማሪ፣ አንድ ማሲንቆና አንድ ብርሌ ጠጅ ሲገናኙ ብቻ ነበር። ጥላሁን ገሠሠ በሬዲዮ ሲመጣ «ድምፁስ መልካም ነበር፤ ይሄ ሁሉ ጥሩምባ ምን አድርግ ብሎ ይጮህበታል?» ይል ነበር። አያቴ ደግሞ አባቴ የሚያደንቃቸውን አዝማሪዎች ሲሰሙ ፊታቸውን አዙረው «አይ የዛሬ አዝማሪ!» ይሉ ነበር አሉ። ከአያቴ ወዲያ ወደ ኋላ አልሄድም፤ ስሄድ ስሄድ ቅዱስ ያሬድ ዘንድ ደርሼ እንዳልኮነን።

እኔ ለዚህ ሁሉ ርግማን ተጠያቂ የማደርጋት አንዲት ቁልፍ ናት። ዘፈኑ ሳያልቅ ወደሚቀጥለው የምታሻግረዋን፣ ሁለት ቀስትና አንድ ሰረዝ የተሳለባትን ማለቴ ነው። ሰው ከአዲስ ዘፈን ጋር የሚቆራረጠው እሷን መነካካት የጀመረ ዕለት ነው።

በካሴቱ ዘመን እሷን የምትመስል ብትኖርም መነካቷ ክልክል ነበር። ካሴት በቴፑ ማጠንጠን ድንጋይ ይጨርሳል። አራት ድንጋይ በሚጎርስ ቴፕ ወደ ፊት ወደ ኋላ የሚያጠነጥን ልጅ ካለ፣ አባቱን የማይፈራ ልጅ ነው። እኛ የምናጠነጥነው በቢክ እስክሪብቶ ነበር፤ ካሴቱን እስክሪብቶው ላይ ሰክቶ አየር ላይ ማሽከርከር። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ጥርስ ያለው ደግሞ ይነክሰዋል። ከዚያ ሁለት ዘፈን ለሚያህል ጊዜ ነፍስ ይዘራል። ሦስተኛው ላይ ድምፁ እየጎረነነ፣ እየተጎተተ ይሄድና ጆሯችን እየሰማ አስቴር አወቀ መሐሙድ አሕመድን ትሆናለች።

ካሴት የሚገዛው ተጠራቅሞ ወይም ተዋጥቶ ነው። ስለዚህ «አልወደድኩትም» ማለት አይቻልም፤ ብሩ ወጥቷል። እስክንወደው ድረስ እንሰማዋለን እንጂ ሌላ መላ የለም። በመጀመሪያው ቀን «እንዲያው ነው» ተብሎ የተናቀው ዘፈን በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ የሚያፏጨው ይሆናል። ፊቱ አልቆ ቴፑ «ቋ» ሲል እናቴ ከጓዳ «ጀርባውን ገልብጠው!» ትላለች። ጀርባው ላይ ዘፋኙ ራሱ የረሳቸው ዘፈኖች አሉ፤ እኛ ግን በቃላችን ይዘናቸዋል። እስከ ዛሬ የአንዱ ዘፈን መጨረሻ ሲደርስ የሚቀጥለውን አፌ ቀድሞ ይጀምረዋል፤ በስልኩ ላይ የሚቀጥለው ሌላ መሆኑን እየረሳ። አንደኛውን ካሴታችንንማ ቴፑ አንዴ በልቶት ስለነበር ከመሐል ላይ ዘፋኙ «ውውውይ» የሚልበት ቦታ ነበረው። ከብዙ ዘመን በኋላ ያንኑ ዘፈን ከሌላ ሰው ቤት ስሰማ «ውውውይ»ዋ የለችም። ምነው ቆርጠውታል ብዬ ባለቤቱን ልጠይቅ ምንም አልቀረኝ።

ሮበርት ዛየንስ የሚባል ፖላንድ ተወልዶ አሜሪካ የሠራ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1968 እ.ኤ.አ. ይህንን ነገር በሙከራ አሳይቷል። ትርጉም የሌላቸውን ቃላት፣ የቻይናን ፊደል የሚመስሉ ምልክቶችን፣ የማይታወቁ ሰዎችን ፎቶግራፍ ለሰዎች አሳየ፤ አንዳንዱን አንድ ጊዜ፣ አንዳንዱን ደጋግሞ። ሰዎቹ ደጋግመው ያዩትን ይበልጥ ወደዱት። የእኛ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌሮች ግን ይህን ለማወቅ ቤተ ሙከራ አላስፈለጋቸውም። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ሾፌሩ የያዘው ካሴት ግን አንድ።

ከቻግኒ የተነሳችው እጅጋየሁ ሽባባው፣ ጂጂ፣ በ2001 እ.ኤ.አ. በስሟ የተሰየመውን አልበም ካወጣች በኋላ በነበረው ሰሞን በዚያ መንገድ ስጓዝ የሾፌሩ ካሴት እሱው ነበር። ቢል ላስዌል የሚባል አሜሪካዊ ፕሮዲውስ ያደረገው፣ እነ ኸርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር የተጫወቱበት አልበም ነው። ሉማሜ ሳንደርስ ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «የእኛው ልጅ ናት አሉ፤ ታዲያ ምነው ይሄ ሁሉ ፈረንጅ ከበባት?» አሉ። አንዲት ሴትዮ «ሾፌር፣ ሌላ የለህም?» ብላ ጮኸች። «አለኝ እንጂ» አለ ሾፌሩ፣ «ቤት ነው።» ደጀን ስንደርስ ሁለተኛው ዙር ጀመረ። ቁልቁለቱን እንደያዝን ስለ አባይ የዘፈነችው ዘፈን መጣ። ቆሻሻ ከለበሰው የመስኮት መስታወት ውጭ ገደሉ ይታያል፤ የፍሬኑ ሽታ ገብቷል፤ ግማሹ ተሳፋሪ በስመ አብ ይላል፤ ጂጂ ትዘፍናለች። ሽማግሌው «እስቲ ጨምርላት» አሉ። ጎሐ ጽዮን ላይ ምሳ በልተን ስንሳፈር ሾፌሩ ሬዲዮ ሊከፍት ሲል ያቺው «ሌላ የለህም?» ያለችው ሴትዮ ናት የተቆጣችው። «ልጅቱን መልስልን እንጂ!»

ከአውቶቡስ ውስጥ ዘፈን ጠልቶ መውረድ አይቻልም። ለዚህ ነው አዲስ ዘፈን መውደድ ለሚሹ የዕድሜ እኩዮቼ ሁሉ የምመክረው፤ ረጅም መንገድ ሂዱ፣ ሾፌሩም ወጣት ይሁን።

ፊልሙም እንዲሁ ነው። በልጅነታችን ማርቆስ ላይ ፊልም ማለት ቪዲዮ ቤት ነበር። በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ፤ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ «ዛሬ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ አስለቃሽ የሕንድ ፊልም»፤ ውስጥ አግዳሚ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ብርድ ልብስ የተጋረደበት መስኮት። ሕጉ አንድ ነው፤ አክተር አይሞትም። ራምቦ አይሞትም፤ ኮማንዶም አይሞትም። ጥይት እንደ በረዶ ቢወርድ አክተሩን ክንዱ ላይ ነው የሚያገኘው። በዚህ ሕግ ተማምነን ነው ከእናታችን መቀነት የተፈታውን ሳንቲም የምንከፍለው።

ታዲያ አንድ ቀን «ሾሌይ» መጣ። በ1975 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ፊልም ነው። አሚታብ ባቻንና ዳርሜንድራ ሁለት ወሮበላ ጓደኛሞች ሆነው ጋባር ሲንግ የሚባል ሽፍታ እንዲይዙ ይቀጠራሉ። አሚታብ ነገር ሲያከራክራቸው ሳንቲም ይወረውራል፤ ዕጣው ሁልጊዜ እሱ ባለው ይወጣል፤ እኛም እንስቃለን። መጨረሻ ላይ ማን ቀርቶ ሽፍቶቹን ይመክት፣ ማን ይሂድ ሲባል ሳንቲሟ ተወረወረች። አሚታብ ቀረ። ሞተ። ጓደኛው ሳንቲሟን አንስቶ ሲያገላብጣት ሁለቱም ፊቷ ዘውድ ነው፤ ጎፈር የሚባል የላትም።

ቪዲዮ ቤቱ ተናወጠ። ግማሹ አለቀሰ፤ ግማሹ ብሩን ጠየቀ። «አክተር ሞተ እኮ! መልሱልን!» ባለቤቱ ነገር አዋቂ ነበር። «አክተሩ ዳርሜንድራ ነው፤ እሱ ደግሞ አልሞተም» ብሎ በሩን ከፈተልን። ክርክሩ እስከ ቤታችን ድረስ ተከተለን፤ በዚያው ጉዳይ የተኳረፉ ልጆች ነበሩ። በማግስቱ ግን ሁላችንም ከፍለን ገባን። አንደኛ፣ ምናልባት ዛሬ ባይሞትስ? ሁለተኛ፣ የሳንቲሟን ነገር እያወቅን ለማየት። ያየነው ሌላ ፊልም ነበር። ትናንት ያሳቀን ዕጣ ሁሉ ዛሬ አንጀት ይበላል፤ ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ሲያጭበረብር ኖሮ በመጨረሻ የሞትን ተራ አጭበርብሮ ወሰደ። ይህንን የሚያውቀው ሁለተኛ የከፈለ ብቻ ነው።

ከዚያ ስልክ መጣ። የዓለም ዘፈንና ፊልም ሁሉ ኪሳችን ገባ፤ እኔም ፊልም ማየት አቆምኩ። ማታ ማታ ምን እንደማይ ስመርጥ ይመሻል። ማስታወቂያውን አያለሁ፤ ሰው ምን አለ ብዬ አነባለሁ፤ አሥር ደቂቃ እሞክርና ሌላ እከፍታለሁ፤ ከዚያ እተኛለሁ። ፊልም ሳላይ ዓይኔ የቀላበት ዘመን ነው።

ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ላይ በክልላችን የስልክ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም አልተመለሰም። ስለዚያ ጊዜ የሚነገረው ብዙ ነው፤ ይህ ወግ አይሸከመውም። ልጁ የት እንዳደረ ያላወቀ ወላጅ እያለ፣ ምዝገባ ያመለጠው ተማሪ እያለ «ዘፈን አጣን» ብሎ ማልቀስ ነውር ነው። መቋረጡንም አላመሰግነውም። የማወራው በዚያ መሐል ስለሆነች አንዲት ትንሽ ነገር ነው፤ ሙዚቃ ጫኙ ልጅ ከሞት ተነሳ።

ይህ ልጅ ድሮ ፍላሽና ሚሞሪ ላይ ዘፈን እየጫነ ይተዳደር ነበር። ሰው ሁሉ በስልኩ ማውረድ ሲጀምር ቻርጀርና የስልክ ልባስ ወደ መሸጥ ዞረ። ኢንተርኔቱ ሲጠፋ አሮጌ ኮምፒዩተሩን አቧራዋን አራግፎ አወጣት፤ ደጃፉ ወረፋ ሆነ። እኔም ተሰለፍኩ።

«ጋሼ፣ ምን ልጫንልዎት?»

«ያለህን።»

አንድ ጊዜ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ምንም ሳይጠይቀኝ «ትዝታ» የሚል ፎልደር ከፈተ። ጎኑ ላይ «አዲስ» የሚል አለ፤ «የሠርግ» የሚል አለ፤ «መዝሙር» የሚል አለ። ሰውን በፀጉሩ ሽበት እየለየ ነው የሚጭነው! ደሜ ፈላ። «ማን ትዝታ አለህ? አዲሱን ጫንልኝ!» አልኩት፤ ወረፋው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልጁ ፈገግ ብሎ ጫነልኝ። ትዝታውንም «ምርቃት ነው ጋሼ» ብሎ ከሥሩ ጨመረበት።

እንግዲህ እኔን ከአዲስ ዘፈን ጋር ያስታረቀኝ የጥበብ ፍቅር ሳይሆን እልህ ነው።

ፍላሹ ላይ ከፊት የተቀመጠው ሮፍናን ኑሪ በ2010 ዓ.ም. ያወጣው «ነጸብራቅ» ነበር። አምስት ዓመት ያለፈው አዲስ! ለእኔ ግን ትናንት እንደወጣ ነው። የቤታችን ማጫወቻ ደግሞ ታሪክ ያላት ናት። ሪሞቷ ጠፍቷል፤ ያቺ የማሳለፊያ ቁልፏ በመነካካት ብዛት ወደ ውስጥ ሰምጣ ቀርታለች። ስለዚህ ከአንድ ጀምሮ በተራ ከመጫወት ሌላ የምታውቀው የለም። በዚያ ላይ መብራት ይጠፋል። ሲመለስ ከአንደኛው ዘፈን ትጀምራለች። እንደገና ይጠፋል፤ እንደገና ከአንደኛው። ዛየንስ ማርቆስ ቢኖር ኖሮ ለሙከራው ሰው መቅጠር ባላስፈለገው።

መጀመሪያ ላይ «ይሄ የወፍጮ ቤት ጩኸት ነው» አልኩ። ልጄ መልስ አልሰጠችኝም፤ ከእኔ ጋር ስለ ዘፈን መከራከር ካቆመች ቆይታለች። ሲደጋገም ግን ከዚያ ሁሉ ኤሌክትሮኒክስ ሥር የማውቀው የሀገር ቤት ምት እየመጣ ጆሮዬን ያንኳኳል። እሱን ፍለጋ ጆሮዬን ስጥል ሌላ ነገር እሰማለሁ፤ ያንን ስከተል ሌላ። አንድ ቀን ጋቢዬን ለብሼ ተቀምጬ ሳለሁ ሚስቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ትክ ብላ አየችኝ።

«ምነው፣ በረደህ እንዴ?»

ትከሻዬ ነው ለካ። «አዎ፣ ዛሬ ብርዱ ጠንቷል» አልኳት። ፍም ጨምራ አመጣችልኝ፤ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ አላበኝ። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲጠፋ የምበሳጨው እንደ ሰው ሁሉ ስለ ምጣዱ አይደለም፤ ስምንተኛው ዘፈን ሳይደርስ ስለሚጠፋ ነው።

ልጄ በበኩሏ ምርቃቱን ወሰደችው። ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ላይ ሙሉቀን መለሰ በአሜሪካ ማረፉ ተሰማ። እዚሁ ጎጃም ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ፣ ገና በልጅነቱ መድረክ የወጣ፣ ከዳህላክ ባንድ ጋር የተጫወታቸው ዘፈኖቹ ስንት ሰው ያጋቡና ያጣሉ ድምፃዊ ነው። ዓለማዊ ዘፈንን እርግፍ አድርጎ ትቶ ወደ መንፈሳዊ መዝሙር ከዞረ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር። በዚያ ሰሞን ዜናውን ያልሰማችው ልጄ ትዝታውን ፎልደር በጆሮዋ ሰክታ ስትዞር ከረመችና አንድ ማታ መጣች።

«አባዬ፣ ይሄ ልጅ አዲስ ነው?»

አየሁት። ሙሉቀን ነው። «አዲስ ነው» አልኳት።

«በጣም አሪፍ ነው። ሌላ ዘፈን አለው?»

«ሞልቶ።»

«የሚቀጥለው አልበሙስ መቼ ነው?»

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅቱን አታሞኛት!» አለች እናቷ። ነገርናት። ማረፉን ስትሰማ ዝም አለች፤ ዘፈኑን በፈቃዱ መተዉን ስትሰማ ግን ተቆጣች። «እንዲህ እየዘፈነ? እንዴት ይተዋል? ማንም አልለመነውም?» ያኔ እኛም ያልነው ይህንኑ ነበር። እሷ ግን ጥያቄው ትኩስ ነው፤ እስከ ዛሬ ወዳጆቿ ስለ አዲስ ዘፋኝ ሲያወሩ እሷ የምታነሳው ሙሉቀንን ነው፤ ያላወቀ ሰው ትናንት ያወጣው አልበም ያለ ይመስለዋል።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ያቺ ቁልፍም አብራ ተመለሰች። ማጫወቻችን እንዳትጠገን የከለከልኩት ለዚህ ነው። ፊልምም ብቻዬን በስልክ ማየት ትቻለሁ፤ ሰው ባለበት ነው የማየው፤ ሰው ባለበት አሥር ደቂቃ አይቶ ወደ ሌላ መሸሽ ያሳፍራል።

ሰው ከተባለ ደግሞ እንደ 2017 ዓ.ም. ጊዜ ቤታችን ሰው ሞልቶ አያውቅም። ኢቢሲ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሰውመሆን ይስማው ዳይሬክተርነት ተከታታይ ድራማ አድርጎ ይዞ የመጣ ጊዜ ነው። ይህ ለሌላው ድራማ ነው፤ ለእኛ የሰፈር ወሬ ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. እዚሁ እኛው ዘንድ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። በዛብህ የማንኩሳ ልጅ ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስም ቦታዋ ላይ አለች። ስለዚህ ድራማውን የሚያይ የለም፤ ሁሉም ምስክር ነው። እትዬ፣ የጎረቤታችን ባለቤት፣ ዓይናቸውን የሚጥሉት ጥለቱና ሞሰቡ ላይ ነው፤ ሰብለ ወንጌል እያለቀሰች «ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጥለት የት ነበር?» ይላሉ። ልጄ ሰብለን ያወቀቻት ቴዲ አፍሮ በ2009 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» አልበሙ ላይ «ማር እስከ ጧፍ» ብሎ ከዘፈነላት ነው፤ ስለዚህ ትዕይንቱን ሁሉ እንደ ሙዚቃ ቪዲዮ ነው የምታየው፤ «አሁን ነው ዘፈኑ የሚገባው» ትላለች።

የባሰው የእትዬ ባል፣ ጎረቤታችን ጋሼ ናቸው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ ቢሆንም ጋሼ ያወቁት፣ እንደ ብዙው ሰው፣ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው በጆሯቸው ነው። ጉዱ ካሳ ገና ብቅ ሲል፣ ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት፣ ከዘራቸውን መሬት መትተው «እሱ አይደለም!» አሉ።

«ጋሼ፣ አይተውት ያውቃሉ እንዴ?» አለቻቸው ልጄ።

«ሰምቼዋለሁ።»

ሁለተኛው ሳምንት ላይ «አነጋገሩስ ደህና ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ «ዛሬ ካሳ አይመጣም እንዴ?» እያሉ ከሰዓቱ በፊት መምጣት ጀመሩ። አንድ ማታ በዛብህና ሰብለ ትምህርት ላይ ተቀምጠው ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ልጄ ሳታስበው «ምን ዋጋ አለው፤ መጨረሻ ላይ እኮ…» ብላ ጀመረች።

«እንዳትናገሪ!» አሉ ጋሼ፣ ከወንበራቸው ተነስተው። «እያየሁት ነው!»

እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና «አበስኩ ገበርኩ!» አሉ። «ዕድሜ ልኩን መጨረሻውን ሲተርክልኝ የኖረው እሱ ነው እኮ!»